ዙረት

ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃል ይዤ፣
ከኮምቦልቻ ወዲያ በመንገድ ደንዝዤ፣
ባቲ ላይ ወረድሁኝ ሰኞ ገበያ ቀን፣
ግመሎች እስኪያልፉ አቅፌ ሻንጣዬን።

ዘጠነኛ «ለ»ን ቋንቋ አስተምር ተባልሁ፤
በመጀመሪያው ሳምንት «መሄድ»ን በተንሁ።
ለካ መራመድ ብቻ አይበቃም በአገሩ፣
ስንት ስም አወጣ እንግሊዝ ለእግሩ!

«ስትሮል» ብዬ ጻፍሁ፦ ራት ከተበላ
በቀስታ መውጣት፣ ጉዳይ ሳይኖር ሌላ።
«አምብል» አልሁ ቀጥዬ፦ በቅሎ ሳትቸኩል
ጌታዋን ስታደርስ፣ ሶምሶማ ሳትከጅል።
«ሶንተር» አልሁ ደግሞ፦ እጅን ኪስ ከትቶ
ዓለሙን መቃኘት አንገትን አቅንቶ።

ከኋላ ወንበር ላይ አሊዩ እጁን አነሣ፦
«ቲቸር፣ ሰውዬው ጠፍቶት ነው እንስሳ?»
«የለም፣ አልጠፋውም።»
                    «ታዲያ ዕዳ አለበት?»
«የለም።»
          «እንግዲያማ ዕብድ ነዋ፣ በሉት!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።
ራህመት ግን አልሳቀች። ጣቶቿን አየሁ፤
ቀይ ጭቃ ደርቆባት ከጥፍሮቿ መሐል፣
ሦስት የሚይዝ ወንበር ለብቻዋ ሰፍቷል።
ለምን ብዬ አልጠየቅሁ። ነገሩኝ ሳልጠይቅ፦
«እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከዓይኗ ተጠንቀቅ።»

በማግስቱ መጣሁ፣ አንድ ቃል ጨመርሁ፤
«ፖተር» ብዬ ጻፍሁ፣ ከሥሩ አሰመርሁ።
«ሁለት ነው ትርጉሙ፤ እንዲህ ብላችሁ ያዙ፦
አንዱ ወዲያ ወዲህ፣ በደጅ መናወዙ፤
ሁለተኛው ደግሞ...» አልሁና ቆም አልሁኝ፤
ልሰርዘው ፈልጌ ዳስተር አነሣሁኝ።
«...ሸክላ ሠሪ ማለት።»

ያ ሁሉ ጭንቅላት ወደ ራህመት ዞረ፤
አንዱ ከኋላ ሆኖ «ቱፍ» ማለት ጀመረ።
ተነሣች። «ስህተት ነው። የጻፈው አያውቅም፤
እናቴ ሥራ ፈታ ከደጅ ወጥታ አታውቅም።
ስትሄድ አፈር አዝላ፣ ስትመጣ ማገዶ፤
ሰኞ ገበያ ናት፣ ገንቦው ጀርባዋ ከብዶ።
መቼ ወጣች እሷ፣ ራት በልታ ልትናፈስ?
ማታስ እሳት ዳር ናት፣ ሸክላው እስኪጠበስ።»

መጽሐፉ መልስ አጣ። እኔም አልነበረኝ።

ቅዳሜ ማለዳ እጄን ኪስ ከትቼ፣
ከደረቁ ወንዝ ማዶ ጭስ ሲነሣ አይቼ፣
ደረስሁ ከነጦይባ። ከሾላው ጥላ ሥር
ጎንበስ ብላ ነበር፣ ከጭቃ ስትማከር።
ከአፈሩ ቀላቅላ የገል ዱቄት ነፍታ፣
በተረከዝ ረግጣ፣ ጠጠሩን አውጥታ፣
ጭቃው ቆሞ ሳለ፣ እሷ ናት የምትዞር፤
መንኮራኩር የላት፣ እግሯ ነው መንኮራኩር።
ወደ ኋላ ኋላ፣ እርምጃዋን ገትታ፣
አንድ እጇን ከውስጡ፣ አንዱን ከውጭ አጽንታ፣
ዞረች። ሆድ አበጀች። ዞረች። አንገት ሳበች።
ከንፈሩን በቅጠል፣ ዞራ፣ አለሰለሰች።

«ስንት ዙር ነው?» አልኋት። ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣
አየችኝ በዚያ ዓይኗ፣ ፊት ለፊት፣ ሳትሰጋ፤
«ማን ቆጥሮት!» አለችኝ። «በአንድ ማድጋ ዙሪያ
ደሴ ደርሼ መጣሁ፣ ሳልል ወዲህ ወዲያ።»

ራህመት ከኋላዬ ውሃ ይዛ መጥታ፣
ያላልሁትን ነገር ከፊቴ ላይ አግኝታ፣
«በኛም አንድ ነዋ» አለች፣ «ቲቸር፣ ቃሉ፤
ለሥራ ፈቷም ሴት ‹ትዞራለች› ይላሉ።»

መዝገበ ቃላቴን ልየው ብላ ወሰደች፤
እጇን ሳትታጠብ ገጾቹን ገለጠች፣
ቃሉን እስክታገኝ። ዛሬም እዚያ ገጽ ላይ
ቀይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ለሚያይ።

ሰኞ ስም ስጠራ ዓይኔ ወደዚያ ሄደ፤
ከጎኗ ሊቀመጥ አንድም ሰው አልወደደ።
ጠመኔዬን አኖርሁ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣
በወንበሮቹ መሐል ዞርሁ፣
ደወል እስኪደርስ።